በደሴቷ ላይ አልጋ ያነጠፍኩባቸው አራት ዓመታት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ወደ ደሴቷ የተሻገርኩት አንሶላ ላይ ተቀምጬ ነው። የጀልባዋ ወለል ውኃ ቋጥሮ ስለነበር፣ በካርቶን የታሸጉት አዲስ አንሶላዎች መቀመጫው ላይ ተደርድረው ለሰው የቀረ ቦታ አልነበረም። «ላያቸው ላይ ውጪ፤ አንቺ አትከብጂም» አለኝ ጀልባ ነጂው አያ ውበቱ። ከጎርጎራ ተነስተን እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እሱ ሞተሩ ይጮህበታል። እኔ ሞተር ባይጮህም አልናገርም ነበር።

አያ ውበቱ የእንፍራንዝ ሰው ነው፤ የአባቴ ጎረቤት። ዋሴም እሱ ነው። በዚያች ደሴት ላይ ሴት ሠራተኛ ሁለት ዋስ ትጠየቃለች። አንዱ ለቤቱ ባለቤት ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅ። ሁለተኛው ለገዳሙ ነው፤ ሴቲቱ ሥርዓት ብታፈርስ የሚጠየቅ። አያ ውበቱ ሁለቱንም ፈረመልኝ። የመነኮሳቱን እህልና ጧፍ የሚያሻግረው እሱ ስለሆነ ሁለተኛው ፊርማ ከብዶት ነበር። ከጀልባዋ ስንወርድ «የመጀመሪያውን ዕቃ ተክቼ እወጣዋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን በምን እተካዋለሁ?» አለኝ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ደሴቷ ለሁለት ተከፍላለች። ታችኛው በኩል እንግዳ ማረፊያው አለ፤ ላይኛው የገዳሙ ነው፤ ሴት አትገባበትም። ወሰኑ በኖራ የተቀባ አንድ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። መነኮሳቱ ክረምት ሲወጣ እንደገና ይቀቡታል። ይህን ከጎርጎራ እስከ ጎንደር የማያውቅ ሰው የለም። ደሴቷ ራሷ ትንሽ ናት። አንድ ሰው ሳይቸኩል ቢዞራት አንድ ባልዲ አንሶላ ታጥቦ ሳይሰጣ ይመለሳል።

ማረፊያው ሰባት ክፍል ነበረው። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ የኖሩ ሰው። ስለ ቆርቆሮ የሚያውቁትን ያህል ስለ እንግዳ ቢያውቁ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የክፍሎች ኃላፊዋ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ዘበኛው አያ ሞላ፣ አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ከሁሉም በታች አልጋ አንጣፊዋ እኔ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ጎንደር ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል። የአንሶላ ማዕዘን አሳጠፉኝ። የተንጠለጠለውን የአንሶላ ጠርዝ ታነሺና ፍራሹ ላይ ታስተኚዋለሽ። ከታች የቀረውን ከሥር ትሸጉጫለሽ። ከዚያ ያስተኛሽውን አውርደሽ እሱንም ትሸጉጫለሽ። እንደ ፖስታ መሆን አለበት። ሲጨርሱ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱታል። ከተሸበሸበ ምንም አይሉም፤ ነቅለው ይጥሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አልጋ አሥራ አንድ ጊዜ አንጥፌያለሁ።

አሁን ስለ ደሴቷ መስህብ ልንገራችሁ። ጋሽ ደምሴ በስልካቸው የሚለጥፉት ማስታወቂያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጸጥታ፣ ያልተነካ ተፈጥሮ፣ ጉማሬ፣ ትኩስ ዓሣ፣ ልብ የሚሰርቅ የፀሐይ መጥለቂያ። እኔ ሁሉንም በአንሶላው በኩል አውቃቸዋለሁ።

ጸጥታ የሚባለው ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ነው። ጠዋት «እንዴት ያለ ሸጋ ጸጥታ ነው!» ያለ እንግዳ ከሰዓት በኋላ «ሙዚቃ የላችሁም ወይ?» ይላል። ማታ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ የውኃ ታንከሩ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ መጥቶ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እያለ ደሴቷን በሙሉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ወደ ሐይቁ ዞሮ ፎቶ ያነሳል። በዚያው ሰዓት ከኋላቸው የክፍሎቹ መብራት ይበራል፤ የሐይቁ ትንኝም ተጠራርቶ ይገባል። አይናከስም። ብቻ አንሶላ ላይ ሲጨፈለቅ አረንጓዴ ነጥብ ይተዋል፤ በረኪናም ቶሎ አይፈታውም። እንግዳው የፀሐይዋን ፎቶ ይዞ ይሄዳል። እኔ የሞተውን ትንኝ በአካፋ አፍሼ እደፋለሁ።

ጉማሬው አንድ ነው። ሰው ሲጠብቀው አይመጣም። እንግዳ በሌለበት ሳምንት መጥቶ ጎመኑን ግጦ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ሐይቁ ገባ። ሦስት የትራስ ልብስ አብሮት ሄደ። ጋሽ ደምሴ ዋሱን አስጠሩ። አያ ውበቱ ነገሩን ሰምቶ «ጉማሬውንስ ዋስ አልጠየቃችሁትም?» አላቸው።

ዓሣው የሚጠመደው ከደሴቷ አጠገብ ነው፤ ከመስኮት ይታያል። አጥማጆቹ ግን በታንኳ ወደ ጎርጎራ ይወስዱታል። ነጋዴ ተቀብሎ ጎንደር ያወጣዋል። ጋሽ ደምሴ ጎንደር ገዝተው በበረዶ ይመልሱልናል። ያ ዓሣ በሕይወቱ ካየው አገር በሞቱ ያየው ይበልጣል። ያልተነካውን ተፈጥሮ ደግሞ በየጠዋቱ በጆንያ እለቅመው ነበር፤ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው።

በሦስተኛው ዓመት እትዬ ጥሩወርቅ ጉልበታቸው አስቸግሯቸው ወደ ጎንደር ተመለሱ። እኔ የክፍሎች ኃላፊ ተባልኩ። ከእኔ በታች ሰው ስላልተቀጠረ የማዘው ራሴን ብቻ ነበር።

በአራተኛው ዓመት የውጭ አገር ሰው መምጣቱን ተወ። ጋሽ ደምሴ «የአገር ሰው ነው የሚያዋጣን» አሉና አዲስ ክፍል ሊሠሩ ተነሱ። ዓይናቸው ያረፈው ከነጩ ድንጋይ አሥር እርምጃ ከፍ ብሎ ባለው ቋጥኝ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ሐይቁ በሦስት በኩል ይታያል። ቦታው የገዳሙ ነው። ወደ አበምኔቱ ወጥተው ለመኑ። አበምኔቱ «ወንድ እንግዳ ይረፍበት። ሴት ግን ከድንጋዩ አትለፍ» ብለው ፈቀዱላቸው። ጋሽ ደምሴ መስቀል ተሳልመው ወረዱ። «እንግዳ ይረፍበት» የሚለውን ብቻ ይዘው ነበር የወረዱት።

ጎጆው ክብ ሆኖ በሣር ተከደነ። አልጋው ሰፊ ስለነበር ጀልባዋ ላይ ተገልብጦ ነው የተሻገረው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጋሽ ደምሴ ከጎንደር አንድ ቀይ ሰሌዳ አጽፈው መጡ። «የጫጉላ ጎጆ» ይላል። አያ ሞላ መሰላሉን እየያዘላቸው ሰሌዳውን አነበበው።

«ጋሼ፣ ጫጉላ የሚገባው ሙሽራ ነው አይደል?» አላቸው።

«እና?»

«ሙሽሪትስ?»

«ያለ ሙሽሪት ጫጉላ አለ እንዴ? አብራው ትገባለች እንጂ።»

«ድንጋዩስ?»

ጋሽ ደምሴ ዞረው ድንጋዩን አዩት። «እንግዳ እኮ ናት» አሉ። «ለእንግዳ ድንጋይ የለም። ሚስማር አቀብለኝ።»

እኔ ከታች ሆኜ አንሶላ እያሰጣሁ ሰምቻቸዋለሁ። ሙሽሪት ብቻ ሳትሆን አልጋ አንጣፊዋም ሴት መሆኗን አሰብኩ። የክፍሎች ኃላፊ ነበርኩ፤ መጠየቅ ሥራዬ ነበር። አልጠየቅሁም። አንገቴን ደፍቼ የልብስ መቆንጠጫ መሰካቴን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ ጎጆው ውስጥ ያደረው ወፍ ሊያይ የመጣ አንድ ወንድ ነው። አልጋውን አያ ሞላ አነጠፈለት። ብርድ ልብሱን ከሥር፣ አንሶላውን ከላይ አድርጎታል። እንግዳው አላማረረም። ወፍ የሚያይ ሰው አልጋ አያይም። ጋሽ ደምሴ ግን «ይኸው፣ ችግር የለም ብዬ አልነበር?» አሉ።

ጥር ገባ። ሠርግ በሠርግ ሆነ። ከጎንደር አንድ ሙሽራ ደውሎ ጎጆውን ያዘ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው አበባ ይዘው ተሻገሩ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ጠሩኝ።

«ማሪቱ፣ ዛሬ የሞላን አልጋ አልፈልግም። አንቺው ገብተሽ ታነጥፊዋለሽ።»

የያዝኩትን ባልዲ መሬት አስቀመጥኩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነኮሳቱ ጸሎት ይገባሉ። ያኔ ገባ ብለሽ ወጣ ነው። ማን ያይሻል?»

ዝም አልኩ።

«እምቢ ካልሽ ግን ነገ ጠዋት በጀልባዋ ነው። ጎንደር ሥራ ፈት ሴት ሞልቷል።» ይህን ብለው አበባቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሽ ደምሴ ዝምታዬን ሁልጊዜ እሺታ አድርገው ነው የሚወስዱት። እስከዚያ ቀን ድረስም አልተሳሳቱም ነበር።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ሌላ ሙያ የለኝም። እንፍራንዝ ያለው ቤታችን ከደሞዜ ነበር የሚደጎመው። ድንጋዩን ካለፍኩ ሥራዬ ይቀጥላል፤ አያ ውበቱ ግን በፊርማው ይጠየቃል፤ የገዳሙን ጭነት ያጣል። ካላለፍኩ እኔ እባረራለሁ። ከዚህ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ወደ ወደቡ ወረድኩ። አያ ውበቱ ሙሽሮቹን ሊያመጣ ሞተር እያስነሳ ነበር። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«ምንም።»

«ምነው አንቺ ልጅ! ምንም ማለት እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

የጀልባዋን ገመድ ፈታሁለት።

«ስሚኝ፣ ግቢም አትግቢም አልልሽም። ጭነቱን ቢነሱኝ ጀልባዋን ሽጬ ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ፤ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። እንጀራሽ የሚቋረጠው አንቺ ነሽ። ብቻ ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ ልወቅ።»

«አላልፍም» አልኩ።

«ሞተሩ ይጮሃል፤ ምን አልሽ?»

«አላልፍም!»

«ኧረ ድምፅ አላት!» አለና ጀልባዋን ገፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱንና አጎበሩን በተራቸው ደርድሬ ታቅፌ ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። ከድንጋዩ ወዲያ ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠዋል፤ በር የሚጠብቁት አባ ናቸው። እሳቸው ጸሎት ሰዓት ላይም ከቦታቸው አይነሱም፤ ዳዊታቸውን እዚያው ይደግማሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን እንኳ አያውቁም።

ጋሽ ደምሴ መጡ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ከዚህ አላልፍም። እርስዎ ያንጥፉት። እኔ እዚህ ሆኜ እነግርዎታለሁ።»

ዙሪያቸውን አዩ። አያ ሞላ አምባ ጊዮርጊስ ለተዝካር ሄዷል። አያ ውበቱ ሐይቁ ላይ ነው። ወጥ ቤቷ ሴት ናት። ከድንጋዩ በታች የቀሩት ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንግዶቹ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ድንጋዩ ላይ ሰቀሉ፤ አንሶላውን ከእጄ ነጥቀው ገቡ።

የጎጆው በር ወደ እኔ ስለሆነ አልጋው በደንብ ይታየኛል።

«መጀመሪያ ፍራሹን ይገልብጡት።»

«ምን ሆነ ፍራሹ?»

«ይገልብጡት ጋሼ።»

ገለበጡት። አንሶላውን ዘረጉ። አንዱ ጎን መሬት ነካ፤ ሌላው ጎን ፍራሹ መሃል ቀረ።

«ወደ እርስዎ ይሳቡት። አይ፣ በዛ። ጠርዙን ያንሡና ፍራሹ ላይ ያስተኙት። የታችኛውን ይሸጉጡ። አሁን ያስተኙትን ያውርዱት። አይ ጋሼ፣ እሱን አይደለም።»

በሕይወቴ እንዲህ ጮክ ብዬ ለሰው ነግሬ አላውቅም።

ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ተነቀለ። አባ ዳዊታቸውን አጥፈው «ደምሴ፣ የሸጎጥኸው ወጥቷል» አሏቸው።

«አይቻለሁ አባ።»

«እንደ ቆርቆሮ አትደብድበው፤ ጨርቅ እኮ ነው።»

የግንባራቸው ላብ አንሶላው መሃል ጠብ አለ። ሁለተኛ አንሶላ አቀበልኳቸውና እንደገና አስጀመርኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ በአልጋዎቼ አጠገብ ሲያልፉ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብለው አይተው አያውቁም። ሲጨርሱ ቀና ለማለት ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደገፉ። አልጋው በእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ተነቅሎ የሚጣል ነበር። አሳለፍኩት።

ሙሽሮቹ ደረሱ። እሱ ሻንጣውን ይዞ ፈጥኖ ወጣ፤ ድንጋዩንም ሳያይ አልፎ ጎጆው ገባ። እሷ ተረከዝ ያለውን ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ቀስ እያለች መጣች። የእጇ እንሶስላ ገና አልደበዘዘም። ነጩ ድንጋይ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ከድንጋዩ ወደ አባ፣ ከአባ ወደ እኔ አየች።

«ይሄ ድንጋይ ምንድን ነው?» አለች።

«ጌጥ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ ፈጠን ብለው። «ለፎቶ ነው ያስቆምነው።»

ሙሽሪት ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ አንቺ ታልፊያለሽ?»

ጋሽ ደምሴ ከጀርባዋ ሆነው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ነገ በጀልባዋ እንደምሄድ ቀድሞም ነግረውኛል። አሁን ግን ዝም ብል ይህች ልጅ ሳታውቅ ትሻገራለች።

«አላልፍም» አልኩ። «ሴት አታልፍም።»

ሙሽሪት ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እኔ እኮ የቄስ ልጅ ነኝ!» አለች። «አባቴ ጎንደር ውስጥ ይቀድሳል። በሠርጌ ሳምንት የገዳም ወሰን አለፈች ተብዬ በምን ፊቴ ልመለስ ነበር?»

ሙሽራው ከጎጆው በር ብቅ አለ። «ነይ እንጂ! አልጋው እንዴት ሸጋ ነው መሰለሽ!»

«እንግዲያስ ተኛበት!» አለችው። «ለብቻህ ተሞሸር!»

አያ ውበቱ ሻንጣ እንደተሸከመ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቁጭ አለ። አባ ፊታቸውን በዳዊታቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሽራው ወደ ጋሽ ደምሴ፣ ወደ ሰሌዳው፣ እንደገና ወደ ጋሽ ደምሴ እያየ «ጫጉላ ብላችሁ ነው እኮ የጻፋችሁት!» አለ።

ሁለት ቁጥር ክፍልን አነጠፍኩላቸው፤ ጄኔሬተሩ ከኋላው ነው። ማንንም ሳላስፈቅድ አጠፋሁትና ሻማ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ሄዱ።

ጋሽ ደምሴ የጠሩኝ እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። «ጌጥ ነው ብዬ ነበር» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ጠየቀችኝ።»

እንዳሉትም አሰናበቱኝ። አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቁልፎቹን እያስቆጠርኩ አስረከብኩ። የጎደለ አልነበረም፤ ጉማሬው ከወሰደው በስተቀር። አያ ውበቱ ሁለቱን የዋስ ወረቀት ተቀብሎ ኪሱ ከተተና አሻገረኝ። ጎርጎራ ስንደርስ «ሁለተኛውን ንጹሕ አድርገሽ መለስሽልኝ» አለኝ። ከእሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

አራት ወር እንፍራንዝ ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ጥሩ ጊዜ አልነበረም። «ለድንጋይ ብላ ሥራዋን ለቀቀች» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅ ጎንደር ለሚያውቁት ሆቴል ስሜን ሰጡልኝ። ዛሬ የሁለተኛው ፎቅ ክፍሎች ተቆጣጣሪ ነኝ። ከሥሬ ስድስት ልጆች አሉ። አሁንም ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ እነሱ ጠጋ ብለው መስማት ለምደዋል።

ልጆቹ የደሴቷን ማስታወቂያ በስልካቸው ያሳዩኛል። የጎጆው ፎቶ አሁንም አለ፤ ቀይ ሰሌዳውም አለ። «እትዬ ማሪቱ፣ እውነት እንዲህ ያምራል?» ይሉኛል። ሐይቁ ያምራል። ሐይቁን ጋሽ ደምሴ አልሠሩትም። አያ ውበቱ እንደነገረኝ ጎጆው አሁን ሽንኩርት ይቀመጥበታል። ሽንኩርቱን የሚያወጣውም የሚያስገባውም አያ ሞላ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። አልጋ አንጣፊዋ ልትገባበት የማትችል ክፍል ለእንግዳም አይሆንም። ክፍል ሲሠራ ካያችሁ፣ ጣሪያው ሳይከደን ማን እንደሚያነጥፈው ጠይቁ። እኔ ያን ቀን ድንጋዩ አጠገብ የተናገርኩትን ሰሌዳው ሲሰቀል ብናገረው ኖሮ ሥራዬ ባልሄደ ነበር።